የቨርቹዋል ፕሮሰሰር ሆትፕለግ

የቨርቹዋል ፕሮሰሰር ሆትፕለግ ማለት በሥራ ላይ ያለ ቨርቹዋል ማሽን ሳይጠፋ ተጨማሪ ቨርቹዋል ፕሮሰሰር (ባጭሩ ቪሲፒዩ) የሚሰጥበት፣ አንዳንድ ጊዜም የሚወሰድበት ዘዴ ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው አገልግሎት ማቋረጥ በማይቻልበት ሰዓት ነው። ለምሳሌ የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ሁለት ፕሮሰሰር ብቻ ያለው ሰርቨር በተጠቃሚ ብዛት ሲጨናነቅ፣ አጥፍቶ በትልቅ ቅንብር ማስነሳት ገጹን የከፈቱትን ሁሉ ያቋርጣል፤ ሰርቨሩ ተመልሶ ሲነሳ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደገና ይመጡበታል። ሆትፕለግ በትክክል ከተዘጋጀ ይህ ሁሉ በአንድ ትእዛዝና በጥቂት ሰከንድ ያልቃል።

አስቸጋሪነቱ ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ የሚከሽፍ መሆኑ ነው። ትእዛዙ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ይመለሳል፤ በማሽኑ ውስጥ ያለው የፕሮሰሰር ቁጥር ግን እንደነበረ ይቀራል። ምክንያቱም ሥራው በአንድ ፕሮግራም አያልቅም፤ አስተናጋጁ ኮምፒዩተር፣ ቨርቹዋል ሃርድዌሩን የሚመስለው ፕሮግራም፣ የእንግዳው ከርነልና በላዩ የሚሠሩት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚያተኩረው በሊኑክስ ላይ ባለው የኬቪኤም፣ የኪዩኢሙና የሊብቨርት ጥምረት ላይ ነው። የሌሎቹ መድረኮች ልዩነት ከታች ባጭሩ ተጠቅሷል። ትእዛዞች እዚህ በአማርኛ ፊደል የተጻፉት በድምፃቸው ነው፤ በተርሚናል ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።

አሠራር

በኬቪኤም ውስጥ አንድ ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ለአስተናጋጁ ሊኑክስ አንድ ተራ ትሬድ ነው። ስለዚህ ከአስተናጋጁ በኩል ሲታይ ፕሮሰሰር መጨመር ማለት የኪዩኢሙ ፕሮሰስ አንድ ትሬድ ጨመረ ማለት ብቻ ነው። ከባዱ ክፍል ይህ ለእንግዳው ማሽን እንዴት ይነገረዋል የሚለው ነው። ፕሮሰሰር በመደበኛ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ፍላሽ በመሃል የሚሰካ ዕቃ አይደለም፤ ስርዓተ ክወናውም ሲነሳ አንዴ ቆጥሮ ነው የሚቀመጠው።

በኤክስ86 ማሽኖች ላይ መልእክቱ የሚተላለፈው በኤሲፒአይ በኩል ነው። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ሊብቨርት ለኪዩኢሙ «ዲቫይስ-አድ» የተባለውን ትእዛዝ ይልካል። ኪዩኢሙ ቪሲፒዩውን ከፈጠረ በኋላ በእንግዳው ላይ የኤሲፒአይ ኢንተራፕት ያስነሳል። የእንግዳው ከርነል ኢንተራፕቱን ተቀብሎ በኤሲፒአይ ሰንጠረዥ ውስጥ የተቀመጠውን አነስተኛ ኮድ ያስኬዳል፤ የፕሮሰሰሮቹን ቦታ አንድ በአንድ ፈትሾ አዲስ የተሞላውን ያገኛል፤ ይመዘግበዋል፤ መጨረሻ ላይ ውጤቱን ለኪዩኢሙ መልሶ ያሳውቃል። ይህ ሁሉ ሆኖም አዲሱ ፕሮሰሰር ገና ሥራ አልጀመረም። ሥራ የሚጀምረው ከርነሉ «ኦንላይን» ሲያደርገው ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ሌላ እርምጃ ነው።

የሊኑክስ ከርነል እነዚህን ደረጃዎች ለየብቻ ይመዘግባቸዋል። በ«/ሲስ/ዲቫይስስ/ሲስተም/ሲፒዩ» ማውጫ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ፋይሎች አሉ። «ፖሲብል» የሚለው ማሽኑ በዕድሜው ሊኖሩት የሚችሉትን ፕሮሰሰሮች ያሳያል፤ ማሽኑ ሲነሳ ይወሰንና እስኪጠፋ አይቀየርም። «ፕሬዘንት» አሁን የተሰኩትን ነው። «ኦንላይን» ደግሞ በትክክል ሥራ ላይ ያሉትን። ችግሩ የት ላይ እንዳለ ለማወቅ ከሁሉ በፊት እነዚህን ሦስት ፋይሎች ማንበብ ከብዙ ግምት ያድናል። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ሄዶ ያገኘውን ትእዛዝ ሁሉ ይሞክራል፤ ሦስቱን ፋይሎች ማየት ግን አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

በኪዩኢሙ ታሪክ ውስጥ ትእዛዙ አንድ ጊዜ ተቀይሯል። ከ1.5 ስሪት (2013 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የነበረው «ሲፒዩ-አድ» የሚባል ትእዛዝ ነበር፤ እሱ ማስገባት እንጂ ማውጣት አይችልም። በ2.7 ስሪት (2016 እ.ኤ.አ.) ፕሮሰሰሮች እንደ ማንኛውም ዕቃ በ«ዲቫይስ-አድ» እንዲሰኩ ተደረገ፤ አሮጌው ትእዛዝ ደግሞ በ5.2 ስሪት ተወገደ። በሊብቨርት የሚጠቀም ሰው ይህ ልዩነት አይነካውም። በኪዩኢሙ ሞኒተር ላይ በእጁ የሚጽፍ ግን የቆየ መመሪያ ተከትሎ ትእዛዙ አይታወቅም ቢባል ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከፍተኛው ቁጥር

በተግባር ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው እንቅፋት ይህ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ ሲነሳ ሁለት ቁጥሮች ይሰጡታል፤ አሁን ያሉት ፕሮሰሰሮች ቁጥርና ሊደርስ የሚችለው ከፍተኛ ቁጥር። ሁለቱ ካልተለያዩ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ይሆናል፤ ያኔ ማሽኑ ተጨማሪ ባዶ ሶኬት የለውም ማለት ነው። በሊብቨርት የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ «ቪሲፒዩ» በሚለው ኤለመንት ውስጥ የሚጻፈው ቁጥር ከፍተኛው ሲሆን፣ አሁን ያለው «ከረንት» በሚለው አትሪቢዩት ይገለጻል። በኪዩኢሙ ቀጥታ ትእዛዝ ላይ ደግሞ «ኤስኤምፒ» በሚለው አማራጭ ውስጥ «ማክስሲፒዩስ» ተብሎ ይሰጣል።

ከከፍተኛው በላይ ሲጠየቅ ሊብቨርት የተጠየቀው ቁጥር ለሚሠራው ማሽን ከተፈቀደው ይበልጣል፣ ለምሳሌ 4 ከ2 ይበልጣል፣ የሚል ግልጽ መልእክት ይሰጣል። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ከፍተኛውን ከፍ ማድረግ ግን አይቻልም፤ የኤሲፒአይ ሰንጠረዡም የከርነሉ «ፖሲብል» ዝርዝርም አንዴ ተሠርተው ስላለቁ ነው። ስለዚህ ለተጨናነቀው ሰርቨር የሚደረገው ዝግጅት መጨናነቁ ከመምጣቱ በፊት የሚደረግ ነው። «ዌብ1» ለተባለ ማሽን ትእዛዙ «ቨርሽ ሴትቪሲፒዩስ ዌብ1 8 --ማክሲመም --ኮንፊግ» ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ይህን ትእዛዝ ከሰጡ በኋላ በእንግዳው ማሽን ውስጥ ሆኖ «ሪቡት» ማለት በቂ አይደለም። እንግዳው ራሱን ዳግም ሲያስነሳ የኪዩኢሙ ፕሮሰስ አይቋረጥም፤ በአሮጌው ከፍተኛ ቁጥር ይቀጥላል። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ከአስተናጋጁ በኩል እንደገና መነሳት አለበት።

ያለውን ሁኔታ ለማየት «ቨርሽ ቪሲፒዩካውንት ዌብ1» አራት መስመር ያወጣል፤ ከፍተኛው በፋይል፣ ከፍተኛው በሚሠራው ማሽን፣ የአሁኑ በፋይል፣ የአሁኑ በሚሠራው ማሽን። ከፍተኛው በፋይል 8 ሆኖ በሚሠራው ማሽን 2 ከሆነ ማሽኑ ገና በትክክል አልጠፋም አልተነሳም ማለት ነው።

ታዲያ ለሁሉም ማሽን ከፍተኛውን 200 አድርጎ መተው አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። አይሻልም። የሊኑክስ ከርነል ለእያንዳንዱ ሊመጣ ለሚችል ፕሮሰሰር አስቀድሞ ሜሞሪ ይይዛል፤ አንድ ጊጋባይት ሜሞሪ ላለው ትንሽ ማሽን ይህ የሚሰማ ጉዳት ነው። ከ255 በላይ ለመውጣት ደግሞ ኤክስ2ኤፒክና የኢንተራፕት ሪማፒንግ ያስፈልጋል፤ በኪዩኢሙ ላይ ይህ የኪዩ35 ማሽን ዓይነትንና የቨርቹዋል አይኦኤምኤምዩ ቅንብርን ይጠይቃል። ለአብዛኛው ሰርቨር አሁን ካለው ሁለት ወይም አራት እጥፍ ማድረግ ይበቃል።

ትእዛዙ ተሳክቶ ፕሮሰሰሩ የማይታይ ሲሆን

«ቨርሽ ሴትቪሲፒዩስ ዌብ1 4 --ላይቭ» ያለ ስህተት ተመለሰ፤ «ቪሲፒዩካውንት» 4 ይላል፤ በእንግዳው ውስጥ «ኤንፕሮክ» የሚለው ትእዛዝ ግን አሁንም 2 ይላል። ይህ ሁኔታ የሚፈታው ከላይ የተጠቀሱትን ሦስት ፋይሎች በማየት ነው።

«ፕሬዘንት» ከ0 እስከ 3 የሚል ከሆነና «ኦንላይን» ከ0 እስከ 1 ብቻ ካለ፣ ፕሮሰሰሩ በሰላም ተሰክቷል፤ የቀረው ማብራት ብቻ ነው። በሥር ተጠቃሚ ፈቃድ «ሲፒዩ2» በሚለው ማውጫ ውስጥ ባለው «ኦንላይን» ፋይል ላይ 1 መጻፍ ይበቃል፤ ለ«ሲፒዩ3»ም እንዲሁ። ይህን በየጊዜው በእጅ ላለማድረግ የዩዴቭ ደንብ ይጻፋል። ደንቡ የሚለው ባጭሩ ከ«ሲፒዩ» ክፍል «አድ» የሚል ክስተት ሲመጣና «ኦንላይን» 0 ሲሆን ወደ 1 ቀይር ነው። በሬድ ሃት ቤተሰብ ስርጭቶች ይህን የመሰለ ደንብ አብሮ ይመጣል፤ በሌሎች ላይ አስተዳዳሪው ራሱ መጻፍ ሊኖርበት ይችላል። አንድ ዓይነት አስተናጋጅ ላይ ያሉ ሁለት እንግዶች የተለያየ ጠባይ ሲያሳዩ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ደንብ በአንዱ ኖሮ በሌላው አለመኖሩ ነው።

«ፖሲብል» ሰፊ ሆኖ «ፕሬዘንት» ካልተቀየረ የኤሲፒአይ መልእክቱ እንግዳው ጋ አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ አልተስተናገደም። ከርነሉ ያለ ኤሲፒአይ እንዲነሳ የሚያደርግ መለኪያ በቡት መስመሩ ላይ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ከዓመታት በፊት ለሌላ ችግር ሲባል ተጽፎ የተረሳ «ኤሲፒአይ=ኦፍ» በአሮጌ ሰርቨሮች ላይ አሁንም ይገኛል። ከርነሉን ራሱ ያጠናቀረ ሰው ደግሞ የሲፒዩ ሆትፕለግና የኤሲፒአይ ሲፒዩ ሆትፕለግ አማራጮች መብራታቸውን ያረጋግጣል። ነገሩ ሲሳካ «ዲሜሴጅ» በሚያወጣው የከርነል መዝገብ ላይ ፕሮሰሰሩ በሥራ መሃል መጨመሩን የሚገልጽ መስመር ይታያል። ከትእዛዙ በኋላ መዝገቡ ምንም ካላለ መልእክቱ ፈጽሞ አልደረሰም።

«ፖሲብል» ራሱ ጠባብ ከሆነስ? ከፍተኛው ቁጥር በአስተናጋጁ ላይ በትክክል ተቀምጦ ሳለ ይህ ከሆነ በእንግዳው ከርነል ላይ ገደብ አለ። ሁለት የሚምታቱ የቡት መለኪያዎች አሉ። «ማክስሲፒዩስ» ማሽኑ ሲነሳ ስንት ፕሮሰሰር ይብራ የሚለውን ብቻ ይወስናል፤ የቀሩትን በኋላ ማብራት ይቻላል። «ኤንአር-ሲፒዩስ» ግን ጣራ ነው፤ ከእሱ በላይ ያለውን ከርነሉ እንደሌለ ይቆጥረዋል። የኪዩኢሙው «ማክስሲፒዩስ» እና የከርነሉ «ማክስሲፒዩስ» በስም አንድ ሆነው በሥራ የተለያዩ መሆናቸው ለተጨማሪ መምታታት በር ይከፍታል።

ሦስቱም ፋይሎች ትክክል ሆነው «ኤንፕሮክ» ብቻ ትንሽ ቁጥር ሲያሳይም ያጋጥማል። ይህ ትእዛዝ የሚቆጥረው የማሽኑን ፕሮሰሰሮች ሳይሆን የተጠራበት ፕሮሰስ እንዲጠቀምባቸው የተፈቀዱለትን ነው። ስለዚህ «ኤልኤስሲፒዩ»ን አብሮ ማየት ይሻላል።

ሌላው የተለመደ ስህተት ከ«ጌስት» አማራጭ ጋር የተያያዘ ነው። «ቨርሽ ሴትቪሲፒዩስ» በ«--ጌስት» ሲጠራ አዲስ ፕሮሰሰር አይሰካም። በእንግዳው ውስጥ ለተጫነው የኪዩኢሙ ጌስት ኤጀንት መልእክት ልኮ ቀድሞ የተሰኩትን እንዲያበራ ወይም እንዲያጠፋ ያዛል እንጂ። ስለዚህ ኤጀንቱ ካልተጫነ ወይም ካልተነሳ ትእዛዙ ይከሽፋል፤ ተጭኖም ከተሰኩት በላይ ማብራት አይችልም። ሁለቱን አስተባብሮ፣ መጀመሪያ በ«--ላይቭ» ሰክቶ ከዚያ በ«--ጌስት» ማብራት፣ የዩዴቭ ደንብ በሌለበት ማሽን ላይ ወደ ውስጥ ሳይገቡ ሥራውን ለመጨረስ ይረዳል።

የ«--ላይቭ» ለውጥ ብቻውን በፋይል እንደማይቀመጥም መታወስ አለበት። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ወደ ቀድሞው ቁጥር ይመለሳል። ዘላቂ እንዲሆን «--ላይቭ --ኮንፊግ» አንድ ላይ ይሰጣሉ። ከሳምንታት በኋላ ሰርቨሩ ያለ ምክንያት ቀርፋፋ ሆነ የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው።

ትእዛዙ ራሱ ሲከሽፍ

የፕሮሰሰር አደረጃጀት በግልጽ ከተጻፈ፣ ሶኬት በኮር በትሬድ ሲባዛ ከከፍተኛው ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት። ከፍተኛውን ከ4 ወደ 8 ቀይሮ አደረጃጀቱን 1 ሶኬት፣ 2 ኮር፣ 2 ትሬድ አድርጎ የተወ ሰው ማሽኑ ጨርሶ አልነሳ ይለዋል። በፓወር ማሽኖች ላይ ደግሞ የሚሰካው ሙሉ ኮር ነው፤ ኮሩ ስምንት ትሬድ ካለው ፕሮሰሰር የሚጨመረው በስምንት ብዜት ብቻ ነው።

ከባድ የሆነውና ለማወቅ የሚያስቸግረው ከኑማ ጋር የሚመጣው ነው። ሁለት ሶኬት ባለው አስተናጋጅ ላይ የእንግዳው ሜሞሪ በጥብቅ ወደ ሁለተኛው ኖድ ሲታሰር፣ አዲስ ቪሲፒዩ ሲፈጠር ኬቪኤም ከዝቅተኛው የሜሞሪ ክፍል ጥቂት ቦታ ይፈልጋል፤ ያ ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በኖድ 0 ላይ ብቻ ነው። ውጤቱ አስተናጋጁ በርካታ ጊጋባይት ነፃ ሜሞሪ እያለው ሜሞሪ መያዝ አልተቻለም የሚል መልእክት ነው። ሊብቨርት በሆትፕለግ ጊዜ እገዳውን ለአፍታ በማንሳት ይህን ያልፈዋል። ሲግሩፕን በራሱ ስክሪፕት ያሰረ ሰው ግን ይህን ራሱ ማድረግ ይኖርበታል።

ዘዴው ጭራሽ የማይሠራባቸውም ሁኔታዎች አሉ። የኪዩኢሙ «ማይክሮቪኤም» ማሽን ዓይነት ሆትፕለግ የለውም። በኤኤምዲ ኤስኢቪ-ኢኤስና መሰል ቴክኖሎጂ ሜሞሪያቸውም የፕሮሰሰራቸው ሁኔታም የተመሰጠረ ማሽኖች ፕሮሰሰሮቻቸው ሲነሱ ታትመው ስለሚቆለፉ በኋላ አይጨመርባቸውም። በአርም 64 ቢት ላይ በእንግዳው በኩል ያለው ድጋፍ ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባው በ6.11 ስሪት በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ በቆዩ ከርነሎች ላይ መሞከሩ ጊዜ ማባከን ነው።

ዊንዶውስ እንግዳ ሲሆን

በዊንዶውስ ላይ መጀመሪያ የሚታየው እትሙ ነው። የሰርቨር እትሞች ፕሮሰሰር በሥራ ላይ መቀበል ይችላሉ፤ በ2008 እትም ግን ይህ ለዳታሴንተር እትም የተወሰነ ነበር። ፕሮሰሰር መቀነስ በዊንዶውስ አይደገፍም።

በኪዩኢሙ ላይ በሚሠሩ የዊንዶውስ ሰርቨር 2016ና 2019 እንግዶች ላይ የሚታወቅ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ኪዩኢሙ ፕሮሰሰሮቹን «ኤሲፒአይ0010» በሚባል መለያ በተሰየመ የፕሮሰሰር መያዣ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ዊንዶውስ ይህን መለያ ሲያይ ለቁልፎች የተሠራ «ኤችአይዲ በተን ኦቨር ኢንተራፕት» የሚባል ድራይቨር ይጭንበታል። ድራይቨሩ ዕቃውን ስለያዘው አዲስ ፕሮሰሰር መምጣቱ አይታይም። መፍትሔው በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ይህን ዕቃ ፈልጎ ድራይቨሩን ከሲስተም ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ በሚገኝ አጠቃላይ ድራይቨር መተካት ነው። የፕሮሰሰር ችግር ይፈታል ብሎ የቁልፍ ድራይቨር የሚፈልግ ሰው ስለማይኖር ይህን ያላወቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ታስክ ማናጀር ተከፍቶ ከነበረ አዲሱን ቁጥር ላያሳይ ይችላል፤ ዘግቶ መክፈት ነው።

ፕሮሰሰሩ ከበራ በኋላ

አዲሱ ፕሮሰሰር በርቶ አገልግሎቱ ግን እንደ ድሮው ቢጨናነቅ፣ ችግሩ ከቨርቹዋል ማሽኑ ወደ ፕሮግራሞቹ ተዛውሯል ማለት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ፕሮሰሰር የሚቆጥሩት ሲነሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኤንጂንኤክስ የሠራተኛ ፕሮሰሶቹ ቁጥር «ኦቶ» ተብሎ ከተቀመጠ ቅንብሩ እንደገና እስኪነበብ ድረስ በድሮው ቁጥር ይቀጥላል፤ ደግነቱ «ሪሎድ» ማድረግ የተከፈቱ ግንኙነቶችን አያቋርጥም። የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን የቆሻሻ ሰብሳቢውን ትሬዶች የሚያዘጋጀው ሲነሳ ባገኘው የፕሮሰሰር ቁጥር ነው። የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ አዲስ ፕሮሰሰር ቢያይም «ሪኮንፊገር» የሚለው ትእዛዝ እስኪሰጠው አይጠቀምበትም።

ኮንቴይነሮችም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። በአሮጌው የሲግሩፕ 1 አሠራር ከርነሉ አዲስ ፕሮሰሰር ሲያገኝ የሚያሰፋው የሥሩን «ሲፒዩሴት» ብቻ ነው፤ በሥሩ የተፈጠሩት ክፍሎች፣ የዶከር ኮንቴይነሮችን ጨምሮ፣ በድሮው ዝርዝር ይቀራሉ። ከዚህም የባሰው ፕሮሰሰር ጠፍቶ ተመልሶ ሲበራ ነው፤ ሲጠፋ ከሁሉም ዝርዝር ይወጣል፣ ሲበራ ግን ወደ ታችኞቹ አይመለስም። በሲግሩፕ 2 ይህ ተስተካክሏል።

ኔትወርክ ላይ ደግሞ ባለብዙ ወረፋ የቨርትአይኦ ካርድ የወረፋው ቁጥር የሚወሰነው ማሽኑ ሲነሳ ነው። ለ2 ፕሮሰሰር 2 ወረፋ ተሰጥቶት ከነበረ ስድስት ፕሮሰሰር ቢጨመርም የኔትወርኩ ኢንተራፕት በሁለቱ ላይ ብቻ ይወድቃል። ከፍተኛው የፕሮሰሰር ቁጥር ሲወሰን የወረፋውንም ቁጥር አብሮ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በኋላ በእንግዳው ውስጥ «ኢትቱል» በሚባለው ትእዛዝ ማንቃት ይቻላል።

የሰዓት ጉዳይም አለ። አዲሱ ፕሮሰሰር የሚያሳየው የሳይክል ቆጣሪ ከሌሎቹ ጋር ካልገጠመ ከርነሉ ቆጣሪው የማይታመን ነው ብሎ በመዝገቡ ላይ ይጽፍና ወደ ሌላ የሰዓት ምንጭ ይዞራል። ሌላው ምንጭ ቀርፋፋ ከሆነ ሰዓት ደጋግመው የሚጠይቁ ፕሮግራሞች፣ በተለይ ዳታቤዞች፣ ይቀዘቅዛሉ። በኬቪኤም እንግዶች ላይ የኬቪኤም ክሎክ መመረጡን ማረጋገጥ ይህን ያስቀራል።

ከሁሉም በላይ ግን አስተናጋጁ ራሱ የሚሰጠው ነገር እንዳለው ማየት ነው። ቪሲፒዩ ትሬድ እንጂ ፕሮሰሰር አይደለም። አራት ኮር ባለው አስተናጋጅ ላይ አራት አራት ቪሲፒዩ ያላቸው ሦስት ማሽኖች ሙሉ ጭነት ላይ ካሉ፣ አንዱን ወደ ስምንት ማሳደግ አዲስ ጉልበት አያመጣም፤ ከጎረቤቶቹ ይቀማል፣ ወይም የራሱ ቪሲፒዩዎች ተራ ሲጠባበቁ መቆለፊያ የያዘው ትሬድ እንዲቆም ያደርጋል። ይህ በእንግዳው ውስጥ በ«ቶፕ» ትእዛዝ ላይ «ኤስቲ» በሚለው ቁጥር ይታያል፤ እንግዳው ለመሥራት ተዘጋጅቶ ሳለ አስተናጋጁ ያልሰጠው ጊዜ ነው። ፕሮሰሰር ከመጨመሩ በፊት ይህ ቁጥር ከፍ ያለ ከነበረ መጨመሩ ነገሩን ያባብሳል እንጂ አያሻሽልም። በሊብቨርት ቅንብር ውስጥ «ግሎባል ኮታ» ተቀምጦ ከሆነም ገደቡ በአጠቃላይ ማሽኑ ላይ ስለሆነ ቪሲፒዩ ቢጨመርም የሚያገኘው ጊዜ ያው ነው።

መቀነስ

ማውጣት ከማስገባት ይከብዳል፤ የእንግዳውን ፈቃድ ይጠይቃልና። እንግዳው በፕሮሰሰሩ ላይ ያሉትን ሥራዎችና ኢንተራፕቶች ወደ ሌላ አዛውሮ እሺ እስኪል ድረስ ኪዩኢሙ አይነቅለውም። እንግዳው ዝም ካለ ሊብቨርት ጥያቄው ጊዜው አለፈ፣ ውጤቱን በእጅ ያረጋግጡ የሚል መልእክት ያወጣል። ያኔ አለመሳካቱ እርግጥ አይደለም፤ ትንሽ ቆይቶ ሊነቀል ይችላልና እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ሌላው ነገር ማሽኑ ሲነሳ አብረው የነበሩ ፕሮሰሰሮች በነባሪው የማይነቀሉ ተደርገው መመዝገባቸው ነው። በ4 ተነስቶ ወደ 8 ያደገ ማሽን ወደ 4 መመለስ ይችላል፤ ወደ 2 ግን አይወርድም፣ ሊብቨርትም የሚነቀል ቪሲፒዩ አላገኘሁም ይላል። ይህን አስቀድሞ ለማስቀረት ቁጥሩ በፋይል ሲቀመጥ «--ሆትፕለገብል» የሚለው አማራጭ ይጨመራል። ቪሲፒዩ 0 ግን በምንም መንገድ አይነቀልም።

በሌሎች መድረኮች

በቪኤምዌር ቪስፌር «ሲፒዩ ሆት አድ» የሚለው ምርጫ መብራት ያለበት ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ነው። ይህ ምርጫ ዋጋ አለው፤ ከቪስፌር 8 በፊት ባሉት ስሪቶች ሲበራ ቨርቹዋል ኑማ ይጠፋል፣ ስለዚህ ትልልቅ ዳታቤዞች ላይ በነባሪነት ማብራት አይመከርም። በፕሮክስሞክስ ሶኬትና ኮር ተባዝተው ከፍተኛውን ሲሰጡ «ቪሲፒዩስ» የሚለው ሣጥን የአሁኑን ይይዛል፤ በማሽኑ አማራጮች ውስጥ ባለው የሆትፕለግ ዝርዝር ላይም «ሲፒዩ» መመረጥ አለበት። ይህ በነባሪው ያልተመረጠ ስለሆነ አዲስ ተጠቃሚዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማሉ።

በዜን «ኤክስኤል ቪሲፒዩ-ሴት» ይባላል፤ ፓራቨርቹዋል እንግዶች መልእክቱን የሚያገኙት በኤሲፒአይ ሳይሆን በዜንስቶር በኩል ነው። ቨርቹዋልቦክስ ከ3.2 ስሪት ጀምሮ ሆትፕለግ አለው፤ አስቀድሞ በ«ቪቦክስማኔጅ» ትእዛዝ መብራት ይኖርበታል፣ መቀነስ የሚሠራውም በሊኑክስ እንግዶች ላይ ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪ በ2016 እትሙ ሜሞሪን በሥራ ላይ መቀየር ቢፈቅድም የፕሮሰሰር ቁጥር ለመቀየር ማሽኑ እንዲጠፋ ይጠይቃል።

ወደ ሌላ አስተናጋጅ ማዛወር

ሆትፕለግ የተደረገበት ማሽን በሥራ ላይ እያለ ወደ ሌላ አስተናጋጅ ሲዛወር መድረሻው ላይ የሚነሳው ኪዩኢሙ በትክክል እነዚያኑ ፕሮሰሰሮች፣ በእነዚያው ቦታዎች ይዞ መጀመር አለበት። ሊብቨርት ይህን ራሱ ያስተካክላል። ኪዩኢሙን በስክሪፕት የሚያስነሳ ሰው ግን በመነሻው ላይ የተሰጠውን ቁጥር ሳይነካ፣ በኋላ የተጨመሩትን እያንዳንዳቸውን እንደ ተለየ ዕቃ በመድረሻው ትእዛዝ መስመር ላይ መዘርዘር ይኖርበታል። በመነሻው ቁጥር ላይ ደምሮ መስጠት አጠቃላይ ድምሩን አንድ ቢያደርገውም የዕቃዎቹ አቀማመጥ ስለሚለያይ ዝውውሩ ሊከሽፍ ይችላል። ከሽፎም ቢሆን ማሽኑ በመነሻው አስተናጋጅ ላይ ሥራውን ይቀጥላል፤ የመድረሻውን ትእዛዝ አስተካክሎ እንደገና መሞከር ይቻላል።